ጣሪያ የሌለው መሬት

ቅጽ ካልነገረው በቀር ዓይኑን የማያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ሱሉልታ አግኝቼዋለሁ። ለባንክ የመያዣ ንብረት የሚገምት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል።

ጎረቤቴን ኦቦ ቶሌራን አከራያቸው ቤቱን ልቀቁ ብሏቸዋል። ስለዚህ ባዶ ቦታቸውን አስይዘው፣ እዚያው ላይ ተገጣጣሚ ቤት የሚያቆሙበት ብድር ጠየቁ። ኢንጂነሩ ሊገምት መጣ። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፤ ልኬቱ እንከን አልነበረውም። ከዚያ ቅጹን አወጣ።

«ጣሪያ?» አለና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «የለም» ብሎ ጻፈ።

«በር?» ዙሪያውን ቃኘ። «የለም።»

«የክፍል ብዛት?»

«አንተ ልጅ፣ የቆምከው እኮ ሣር ላይ ነው!» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

«አባት፣ ቅጹ ለቤት የተዘጋጀ ነው። ሳልሞላ ከመለስኩት አለቃዬ አይቀበለኝም።»

«እንግዲያው ይህችን የምትግጠውን ላም ጻፍልኝ፤ ቢያንስ እሷ አለች።»

«ላም የሚሞላበት ቦታ የለውም» አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

ክፋት ይመስላችኋል? በጭራሽ! ክፉ ቢሆንማ ሽማግሌ እንልክበት ነበር፤ ትጉህ ሰው ግን በምን ይለመናል?

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ለኦቦ ቶሌራ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፦ «ለመያዣ የቀረበው ቤት ጣሪያና በር ስለሌለው ለመኖሪያ ብቁ አይደለም። ባለቤቱ አስጠግነው በድጋሚ ያመልክቱ።»

ኦቦ ቶሌራ ደብዳቤውን አጣጥፈው መልሰው ሰጡኝ።

«በል ተነሥ፣ ለአከራዬም አንብብለት» አሉኝ። «ቤቴ ተጠግኖ እስኪያልቅ ይታገሠኝ።»