የላቦራቶሪዋ እመቤት እና የእህቴ ጀሪካን

በየላቦራቶሪው መስኮት ጀርባ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ውሸታም መሆኑን ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ሴትዮ አትጠፋም። የእኛዋን ትናንት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሻጩ «የዛሬ ነው» የሚል ቃል ከአፉ ቢያመልጠው በመስቀለኛ ጥያቄ አፋጠው ይዘውታል። ክብርት ወይዘሮ «የመጀመሪያው ይደፋል» ማለት እሳቸው ናቸው።

ማዕረጉን ያገኙት በሥራቸው ነው። እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ፊቷም እግሯም ቢያብጥ፣ ሐኪሙ የኩላሊቷን አሠራር ለመለካት የሃያ አራት ሰዓት ሽንቷን አጠራቅማ እንድታመጣ አዘዘ። ውጤቱ ካማረ ቤቷ ትከርማለች፤ ካላማረ ሆስፒታል ትተኛለች።

እመቤቲቱ ባዶውን ጀሪካን ሲሰጡን የመንግሥት ማኅተም የሚያስረክቡ ይመስሉ ነበር።

«የጠዋቱ የመጀመሪያው ይደፋል! ከዚያ ወዲያ እስከ ነገ ጠዋት ጠብታ አትቀርም። ምን አልኩሽ?»

እህቴ ደገመች።

«አንተስ?»

እኔም ደገምኩ። እርጉዝ አለመሆኔ ከፈተናው አላዳነኝም።

በማግስቱ፣ እህቴ ዘንድ ካደረችው አክስታችን ጋር፣ ሙሉ ጀሪካን እንደ ሙሽራ አጅበን አስገባን። ከሰዓት በኋላ ተጠራን።

«የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ» አለች እህቴ።

«የአንቺ ብቻ?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«ልጄ፣ ከጡንቻ የሚወጣ ክሬአቲኒን የሚባል ነገር አለ። እዚህ ውስጥ ያለው ላንድ ሴት በዝቷል። ወይ በድብቅ ብረት ታነሻለሽ፣ ወይ ሰው አግዞሻል።»

ሁላችንም ወደ አክስታችን ዞርን። አክስቴ ቦርሳዋን አስተካከለች።

«ታዲያ በግማሽ ዕቃ ሰው ፊት ይቀረባል? ያሳፍራል! ትንሽ ነው ያከልኩበት።»

«እናቴ፣ ይሄ መዋጮ አይደለም» አሉና ጀሪካኑን እንደ ሐሰተኛ ምስክር በሁለት ጣት ገፉት። «እንደገና!»

እህቴ አለቀሰች። እኔ ሽማግሌ ልሁን ብዬ «በዚህኛው ቢሰላስ?» አልኩ።

«በዚህኛውማ ኩላሊቷ አንደኛ ነው። የአክስትህ እየሠራላት!»

እየረገምኳቸው ወጣሁ። ሁለተኛው ጀሪካን ከግማሽ አላለፈም፤ ውጤቱ ግን እውነቱን አወጣው፤ የእህቴ ኩላሊት እየደከመ ነበር። በዚያው ቀን አስተኟት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጭብጥ የማታክል ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ እኚህን ሴትዮ ሰው ሲያማብኝ እጣላለሁ።

ሰልፉ ላይ ሰላም ስላቸው ወዲያው አወቁኝ።

«ልጅቷ?»

«ሦስት ዓመቷ። ቤቱን ገልብጣዋለች።»

«እናቷስ? ኩላሊቷን በየዓመቱ ትታያለች?»

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ትላለች!» አሉና ዳቦአቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መንገድ ጀመሩ። ሦስት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ነገ በጠዋት ይዘሃት ና። ቁርሴን ሳልበላ እጠብቃታለሁ።»