የማር ፈንዲሻ ቅዳሜ

እንደ ፈንዲሻ ለፍላፊ ነገር አላየሁም። ዶሮው ጓዳ ውስጥ ይሠራል፣ ጠላው ጋኑ ውስጥ ዝም ብሎ ይፈላል፤ ፈንዲሻ ግን ክዳን ተከድኖበትም «እኛ ቤት በዓል ነው!» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። እኔ ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት፣ ከቀበና ወንዝ በላይ ወደ የካ ዳገት በሚወጣው ሰፈር፣ የበዓል መድረስ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። የአንዱ ቤት ድስት ዝም ካለ «ምን ሆኑ?» ይባላል። እናንተ በላስቲክ የታሸገ ከሱቅ የምትገዙት ይኼ ላይገባችሁ ይችላል። ቢሆንም ስሙኝ።

ሌላም ነገር ልጨምርላችሁ። እኛ ሰዎች ወሬ መያዝ አይሆንልንም፤ ማን ምን ገዛ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች፣ ሳይመሽ ዳገቱን ጨርሶ ይወጣል። ሞት ሲሆን ግን ያ ሁሉ አፍ ጥርቅም ይላል። አገር ሙሉ ሰው ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አይሰማም። ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ በአንድ ቀን ድንገት ደግ ከሆኑባችሁ ተጠራጠሩ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ በአንዱ የሕማማት ሐሙስ የሰፈሩ ሽማግሌ ባሻ ወልዴ ሴቶቹን ግቢያቸው ሰበሰቡን። የእትዬ ዘነቡ ወንድም ሞቷል። እትዬ ዘነቡ የሰፈሩ የማር ፈንዲሻ ሠሪ ናቸው። ልጅ የላቸውም፣ ባለቤታቸውም ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ያላቸው እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት አንድ ወንድም፣ ተሾመ፣ ብቻ ነበር። ተሾመ የጭነት መኪና ነጂ ነው። መኪናው ወሎ መንገድ ላይ ገደል ሲገባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

«በሕማማት ፍትሐት እንደሌለ ታውቃላችሁ» አሉ ባሻ። «ምስኪኗ ሁለት ወር ሙሉ ጾማ በለቅሶ አትፈስክም። ማክሰኞ ንጋት ላይ እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር!»

ማለት ቀላል ነው። ቅዳሜስ? በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሴቱ ሁሉ በቆሎውንና ማሩን ይዞ እትዬ ዘነቡ ግቢ ይሰበሰባል። እሳቸው ያፈነዳሉ፣ ማሩን አንተክትከው ያፈሱበታል፤ ሌላው እጁን ውሃ እየነከረ ያድቦለብላል። ብንቀር ይጠረጥራሉ። ብንሄድ ደግሞ ፊታችን ያጋልጠናል።

«እኔስ አልችልም» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ከሱሉልታ ዘመዶቻቸው የፈንዲሻውን በቆሎ የሚያስመጡት ጎረቤታችን። «ተሼን እኮ ከልጆቼ ጋር በአንድ ገበታ ነው ያበላሁት። ዘነቡን ሳያት እንባዬ ይቀድመኛል።»

ይኼኔ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ሰፈሩ ከገባሁ ገና ወራቴ ነበር፤ ተሾመን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ደረቅ ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንቺ አጠገቧ ትቀመጫለሽ» አሉኝ ባሻ። «የወንድሟ ወሬ ሲነሳ አንቺ ተቀበያት። የማታውቂው ሰው ነው፣ አይከብድሽም።»

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘነቡን አገኘናቸው፤ ጉልቻው ላይ ድስት ጥደው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየማገዱ። ከስቅለት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ቢሆኑም ከሁላችን ይልቅ ብርቱ እሳቸው ነበሩ። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አዴ ጫልቱ ከሩቅ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በቆሎ ይለቅማሉ። የተለቀመውን መልሰው ይለቅማሉ። ሌሎቹ ያለ ነገር ይስቃሉ። እንደዚያ ያለ የሚያስፈራ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

የደብሩ ቄስ ቄጤማ ሊያድሉ መጡ። ወትሮ «ነገ ድርሻዬን እንዳትረሱ» ብለው ቀልደው የሚሄዱት ሰውዬ ቄጤማውን በእትዬ ዘነቡ ራስ ላይ ካሰሩ በኋላ መስቀላቸውን በሴትዮዋ ግንባር ላይ አሳርፈው ቆዩ። በጣም ቆዩ። የድስቱ ጧጧታ አልቆ ማረር ጀመረ።

«ዛሬ አባ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ ቄሱ ሲሄዱ።

«ሕማማቱ አድክሟቸው ይሆናል» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ባሻ የመረጡት ሰው አላሳፈራቸውም ብዬ ኮራሁ እላችኋለሁ።

እትዬ ዘነቡ ማር አፍስሰው ማማሰል ሲጀምሩ አፋቸው ተፈታ። ተሾመ የሚወደው ከድስቱ ሥር የሚያርረውን ነው። ልጅ ሳለ ሲሮጥ ወድቆ ጥርሱ ስለተሸረፈ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ጢም አውጥቶም ይሸፍናል። ከሩቅ አገር ሲመጣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያፏጫል፣ እሳቸውም ፉጨቱን ሰምተው ውሃ ለእግሩ ያሞቃሉ። ዘንድሮ ሊድሩት አስበዋል። ልጅቱን አይተዋታል፣ እሱ ገና አልሰማም። «ነገ ሲመጣ ነው የምነግረው፤ አደራ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አሉኝ። እኔን! ከአፌ እንዳይወጣ!

ከታች ከመንገዱ የጭነት መኪና ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘነቡ ማማሰያውን ጥለው ብድግ አሉ።

«የሱ ነው! ፍሬን ሲይዝ ሲያለቅስ አልሰማችሁትም?»

አዴ ጫልቱ እጃቸው በቆሎው ውስጥ ቀረ። መኪናው ፍሬኑን እያስጮኸ መታጠፊያውን ዞረ፣ ሄደ። እሳቸውም ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡና ያረረውን ከድስቱ ሥር ፍቀው፣ ለብቻው አድቦልቡለው፣ በትንሽ ሙዳይ አስቀመጡ። «ይኼ የሱ ነው፣ ማንም አይንካብኝ» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። ሌሎቹ በልባቸው ቀብረውት፣ በየጓዳቸው አልቅሰው ወጥቶላቸው ነው የመጡት። እኔ ግን ተሾመን ያወቅሁት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት ላይ ደግሞ ሞተብኝ።

«ምነው?» አሉኝ።

«ጭሱ ነው» አልኩ።

እትዬ ዘነቡ ከጭሱ ወዲያ አስቀመጡኝ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይኔን እየጠረጉ «እናትሽ ናፍቃሽ ነው፣ አይዞሽ፣ የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ነው» እያሉ ራሴን አሻሹኝ። ሐዘንተኛዋ እኔን አጽናኑኝ። ይኼን ለማን ይነግሩታል?

እሑድ ሰፈሩ ፈሰከ፤ የማር ፈንዲሻው በየቤቱ ዞረ። ተሾመ ሲዘገይ «መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል» አልናቸው። ማክሰኞ ንጋት ባሻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰፈሩን አስከትለው በሩን አንኳኩ። እትዬ ዘነቡ ከፍተው ሕዝቡን አዩ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ አላስፈለገም።

በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ድንገት ቀና አሉ። ድምፃቸው በለቅሶ አልቋል።

«ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ማር ሳድቦለብል አያችሁኝ? ስስቅ አያችሁኝ?»

«ለአንቺ ብለን ነው፣ ዘነቡ» አሉ ባሻ።

«ለእኔ? ለበዓላችሁ ነው እንጂ!»

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ለቅሶ ቤት አጥር ሥር ዶሮ መብላት ማንም አይወድም፤ ደግነታችን ውስጥ ትንሽ ሆዳችንም ነበረበት። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነቡ ብዙ ወራት አላናገሩንም። ባሻም «ሁለተኛ መርዶ አልደብቅም» ብለው ማሉ።

በዓመቱ ሕማማት ውስጥ ሌላ ወሬ መጣ። የአዴ ጫልቱ ታላቅ እህት ሱሉልታ አርፋለች፣ አዴ ጫልቱ አልሰሙም። ባሻ ግቢ ተሰበሰብን። እትዬ ዘነቡም ከል እንደለበሱ መጥተው ጥግ ተቀመጡ። ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ከጥጉ አሸሹ፣ «እንግዲህ… ነገ ጠዋት ብናረዳት…» አሉ።

«ምን ሲደረግ?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ማክሰኞ ይሁን። ቅዳሜ ፈንዲሻውን እኔ ግቢ አፈነዳለሁ።»

በመጨረሻ ድፍረቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ተቆጡን?»

«ብቆጣ ያንሰኛል? አሁንም አልበረደልኝም። እሷም ትቆጣ፣ ደግ ታደርጋለች።» ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። «ግን የዚያን ቅዳሜ ተሾመ በሕይወት ነበረ። ነገ ይመጣል ብዬ ድርሻውን አስቀምጬለታለሁ። ዓመቱን ሙሉ የኖርኩት በዚያች ቅዳሜ ነው። ለጫልቱም አንድ ቅዳሜ ትኑራት።»

ቅዳሜ ዕለት አዴ ጫልቱ በቆሏቸውን ይዘው ሲመጡ እትዬ ዘነቡ ከላቸውን አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው ጠበቋቸው፤ ስለ እህታቸው እየጠየቁ፣ እያሳቁ አዋሏቸው። ማክሰኞ አዴ ጫልቱ ተረዱ። በሠልስቱም ከሁላችን ለይተው የተቆጡት እትዬ ዘነቡን ነው፤ ያልተባሉት ነገር የለም። እትዬ ዘነቡ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከላቸውን መልሰው ለብሰው ነበር።