የዘሊካ ቀይና አረንጓዴ ክር

በየሰፈሩ «እኛ እዚያ እያለን» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለገንዳ ውሃው ሰፈር የደረሰችው ዘሊካ ናት። ክብርት ዘሊካ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትመለስ ኖረች። ሻይ ከቀጠነ «ገዳሪፍ ቢሆን!» ሙሽራ ከዘገየች «ገዳሪፍ ቢሆን!» የገንዳ ውሃ ሙቀት እንኳ ከገዳሪፉ ጋር ሲተያይ ደረጃውን ያልጠበቀ ነበር።

ይህን ሁሉ ችላ የኖረችው የአጥር ጎረቤቷ ስርጉት ናት። የሚብሰው የድግስ ሰሞን ነው። ድግሱ የማንም ይሁን፣ ዘሊካ በዋዜማው ትልቅ ሀብሀብ አቅፋ ከች ትላለች።

«አምስት ደቂቃ ናት! ቀላል ነገር!»

አምስቱ ደቂቃ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል። ሀብሀቡ ለሁለት ተከፍሎ ትሪ ላይ ይደፋል። ጅብና የሚሉት ነጩ የሱዳን አይብ ከጨው ውሃው ወጥቶ ይቆራረጣል። አንድ ቁራጭ አይብና አንድ ቁራጭ ጥብስ በስቴኪኒ ይሰኩና ሀብሀቡ ላይ ይተከላሉ። ሲያልቅ ትሪው ላይ ሁለት ጃርቶች የተኙ ይመስላል። በየስቴኪኒው ጫፍ ደግሞ ክር ይታሰራል፤ በአንደኛው ግማሽ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ። አሳሪዋ ስርጉት ናት፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ። ዘሊካ ትሪው አጠገብ ቆማ የሚዘረጋውን እጅ ቸብ ታደርጋለች።

«ቆይ አንተ! መጀመሪያ ይታይ! ያንተ በዚያ በኩል ነው!»

«እኔ በደገስኩት እሷ ታዝበት?» ትል ነበር ስርጉት ለባሏ ለባየልኝ።

አምና ክረምት የዘሊካ ልጅ ጎንደር ወለደችና እናቷን ወሰደቻት። ስርጉት እፎይ አለች።

ጥር ላይ የልጇ የካሌብ ቀለበት ደረሰ። የእጮኛው ዘመዶች ከጎንደር ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶችም አብረው ይቀመጣሉ። ስርጉት የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ያ ትሪ ያለ ዘሊካም እንደሚያምር ማሳየት። ስጋውን እንደ ደንቡ የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ለየብቻ አሳርዳ ለየብቻ ጠበሰች፤ አንዱን በአንዱ ግማሽ፣ ሌላውን በሌላው ተከለች። ክሩን ግን ተወችው።

«የገዳሪፍ ጌጥ!» አለች።

ትሪው ሲወጣ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ለፎቶ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ፣ ወደ እጮኛሞቹ ዞረ፣ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ሐሚድ እጃቸውን ዘርግተው ቆም አሉ።

«ስርጉት፣ የኛው በየት በኩል ነው?»

ስርጉት ሁለቱን ጃርቶች አየቻቸው። ምንም ልዩነት የላቸውም።

«በዚህ… አይ፣ ቆይ… በዚያ…»

የሐጂ እጅ ተሰበሰበ። የአማቾቿም እጅ ተሰበሰበ። ያ ሁሉ ስጋና አይብ እንዳማረበት ሳይነካ ዋለ። ሐጂ እንዳይከፋት ብለው «ለኔ ሻዩ ይበቃኛል» አሉ። ከሁሉ ያሳፈራት ይሄ ነው።

እንግዳው ሲሸኝ ጓዳ ገብታ ደወለች።

«ዘሊካ፣ ክሩን ሳላስር ቀርቼ…»

«ውይ በሞትኩት! ሐጂ ሳይበሉ ወጡ?»

«ሻይ ብቻ።»

«ገዳሪፍ እያለን» ብላ ጀመረች ዘሊካ፣ «ስንቱ ዓይነት ሰው ባንድ ግቢ ነበርን መሰለሽ። የማንም እጅ ባዶውን እንዳይመለስ ብለን እኮ ነው ክሩን ያመጣነው።»

ስርጉት የገዳሪፍን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ዘሊካ ክፉኛ ናፈቀቻት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው ኪዳን ልጁን አስመረቀ። በዋዜማው ስርጉት ሀብሀብ አቅፋ፣ ሁለት ጥቅል ክር ይዛ ከች አለች። በማግስቱ ትሪው አጠገብ ቆማ የአንዱን ጎረምሳ እጅ ቸብ አደረገች።

«ቆይ! ያንተ በዚያ በኩል ነው! ዘሊካ ብትኖር እኮ…»

«ደግሞ እቺ በዘሊካ መጣችብን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ስርጉት ሰምታዋለች። ግን አልዞረችም፤ ሐጂ ሐሚድ አረንጓዴ ክር ያለበትን ሦስተኛ ስቴኪኒ ሲመዙ እያየች ነበር።