ሊቀ ጎማት ላቀው

ሳይጠራ የሰው መኪና ሥር የሚንበረከክ አዋቂ የሌለበት ከተማ የለም። አንዳንዱ ከተማ ሁለት ሦስት አለው፤ ደባርቅ ግን ጋሽ ላቀው ስላሉላት ሌላ አያስፈልጋትም። ዕድሜ ልካቸውን በሊማሊሞ ቁልቁለት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት እኒህ ሰው፣ የቆመ መኪና ባዩ ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ ይላሉ፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጎማው ላይ ይተክላሉ፤ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። የከተማው ወጣቶች ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፦ ሊቀ ጎማት።

ሊቀ ጎማት ቦታ አይመርጡም። ጥር ላይ በእነ ዘቢደር ሰርግ፣ ሙሽሮቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው ተገኙ። የሙሽራው አባት ለአክብሮት መስሏቸው፣ "ኧረ በሞቴ ይነሱ! እርስዎን የሚያህል ትልቅ ሰው!" እያሉ ሊያነሷቸው ይታገላሉ። እሳቸው እቴ! "የኋላ ግራው ንፋስ አንሶታል" አሉ። ለቅሶ ቤትም ቢሆን "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ሳይጨርሱ ዐይናቸው ከድንኳኑ አጠገብ በቆመው ፒካፕ ጎማ ላይ ያርፋል።

"መሄድማ ማንም ይሄዳል፤ መቆሙን ንገረኝ!" የዘወትር ቃላቸው ናት።

ከሁሉ ሰው ፍዳውን ያየው ግን ምሥጋናው ነው። ዳባት ባንክ ይሠራል፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ቱርቦ መኪና አለችው። እዚያው ዳባት የምታስተምረውን ባለቤቱን ዕፀገነትንም በየማለዳው በእሷ ይዟት ይሄዳል። ለመኪናዋ ሰፋፊ የስፖርት ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሲያስገጥም፣ ጋሽ ላቀው ጥፍራቸውን ተከሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ የቆላ ጎማ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚይዝ፤ በእኛ ብርድ ይደርቃል።"

"ጋሼ፣ ግሪፑ እኮ አንደኛ ነው! ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ዩቲዩብ ደባርቅ አድሮ ያውቃል?"

ሰኔ ላይ፣ በዝናብ፣ የዳባት መንገድ ቁልቁለት ላይ ከብት መንገዱን ሲያቋርጥ ምሥጋናው ፍሬን ያዘ። መኪናዋ አልቆመችም። ተንሸራትታ ተንሸራትታ፣ የአስፋልቱን ቦይ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። ዕፀገነት ወረደች፤ ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። ማታ እቤት ስትገባ፣ "እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። ይቺ መኪና መቆም እስክትችል ድረስ አብሬህ አልሄድም" አለችው።

ምሥጋናው አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ደነገጠ። ሚስቱን ሊገድላት ነበር እኮ! ከጎኑ ባዶ ወንበር ይዞ ዳባት መድረሱም ሆዱን ያባባው ጀመር። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ጎሚስታው ዘንድ ሄደ፤ ጋሽ ላቀው ከዚያ አይጠፉም።

"ባለ ጥርስ ግጠምላት" ብለው ፈረዱ። የጭቃ ጎማ ማለታቸው ነው።

ተገጠመላት። ጉድ ፈላ! መኪናዋ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸች፤ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ እርጥብ አስፋልት ላይማ ከበፊቱም ባሰች። "ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ መኪናዋ ናት አጭር" አሉ ሊቀ ጎማት።

አሉ እንጂ ነገሩ ከንክኗቸዋል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የምሥጋናውን በር አንኳኩና መናኸሪያ ወሰዱት። እዚያ በብርዱ ያደሩትን ሚኒባሶች ጎማ በጥፍራቸው ይወጉ ጀመር። ሾፌሮቹ ይቆጣሉ፤ እሳቸው ከነመፈጠራቸውም አያስታውሷቸው። እሳቸው ልስላሴውን ሲዳስሱ፣ ምሥጋናው በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያነባል። ብርድ የማያደርቀው፣ ውኃውን የሚያስወጣ ጥልቅ መስመር ያለው ጎማ ሲያገኙ፣ ያንኑ ዓይነት በቀይዋ መኪና ልክ ከጎንደር አስመጥተው አራቱንም አስገጠሙ።

"እኔ ድሮስ ምን አልኩ?" አሉ፣ ዐይናቸውን በጨው አጥበው።

ዕፀገነት ግን በወሬ አልተደለለችም። "እርስዎ ፊት ካልተቀመጡ አልሳፈርም" አለቻቸው። ተቀመጡ። ዝናቡ እየወረደ፣ ያው ቁልቁለት ላይ፣ ምሥጋናው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ! ጋሽ ላቀው ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ማርያም ማርያም ይሉ ነበር። ዕፀገነት ከኋላ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። ጋሽ ላቀው ዳባት ምንም ጉዳይ የላቸውም፤ አድርሰዋቸው በሚኒባስ ይመለሳሉ። እስከዚያው ግን "ቀስ በል!"፣ "ኩርባ ነው!"፣ "ንፋሱን አይተሃል?" አያባራም። ምሥጋናው ማታ ማታ፣ "እኒህ ሰውዬ ሊያሳብዱኝ ነው" እያለ ያማርራል።

ባለፈው ሰኞ ጋሽ ላቀው እንደወትሮው ደጃቸው ላይ ቆመው አልጠበቁም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ዕፀገነት፣ "እንሂድ በቃ፤ እኔ እንደሆነ ጎማውን አምኜዋለሁ" አለች። ምሥጋናው ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ የቆርቆሮውን በር ይደበድብ ጀመር። ጋሽ ላቀው በጉንፋን ታፍነው፣ ጋቢ ተከናንበው ብቅ አሉ።

"ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? መኪናህ ቆመችልህ፤ ሚስትህም ተመለሰችልህ። ከእንግዲህ እኔ ምን አደርግልሃለሁ?"

ምሥጋናው አንገቱን ደፍቶ በጫማው ጭቃውን ጫር ጫር አደረገ።

"ታዲያ ማን ይቆጣኝ?" አለ።