የቡሬ እዝን

ጅማ ውስጥ ድመቱን በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ የሚወጋ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይንገረኝና ዕድር እናቋቁም። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ማታም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ። ሰርግ ላይ ብሆን ሙሽሮቹ ሳይገቡ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ስብሰባ ላይ ብሆንም እንዲሁ፤ ይኼኛው እንኳ ብዙ አይቆጨኝም። «ወዴት ነው ጋሽ ታደለ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እናገር ነበር። ሲስቁብኝ ጊዜ «የመድኃኒት ሰዓት ደርሶ ነው» ማለት ጀመርኩ። አሁን ግማሹ ሰፈር የስኳር በሽተኛው እኔ እመስለዋለሁ። የትም ቤት ብገባ የሚቀርብልኝ ሻይ ስኳር የለበትም። እኔ ደግሞ ጣፋጭ ሻይ ነው የምወደው።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ሥራ መምህር ነኝ። ከደሴ ወደ ጅማ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ ይኸው ጡረታ ልወጣ ነው። ያስቀረችኝ ባለቤቴ አስካለ ናት። አጋሮ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጊንጆ ጉዱሩ ያለው ቤታችን በር ላይ ትደርሳለች። ዝናብ መንገዱን ካልዘጋው በቀር አታዛንፍም። አንድ ቀን ታዲያ ካርቶን ታቅፋ መጣች። የመጋዘኑ ድመት ወልዳ ኖሮ ከልጆቿ አንዷን፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉሯን፣ ይዛልኝ መጥታለች።

«ስሟ ቡሬ ነው» አለችኝ።

ቡሬ እኮ የላም ስም ነው አልኳት።

«ታዲያ ላም የለን። ስሙ ከሚባክን እሷ ትጠራበት።»

አስካለ እንዲህ ነበረች። የሚባክን ነገር አትወድም።

አስካለ ስኳር ነበረባት። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሷን በራሷ ስትወጋ ኖራለች። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኗን የምታቆይበት የራሷ ዘዴ ነበራት፤ በትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ታደርግና መሐሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ትቀብራለች። እንግዳ ሲያየው አበባ የምትተክል ይመስለዋል። አንዳንድ ጠዋት መርፌውን ቀድታ «ና እስቲ ዛሬ አንተ ውጋኝ፤ ክንዴ ላይ ይሻለኛል» ትለኛለች። እኔ መርፌ እፈራለሁ። መጋዝ የማይፈራ ሰው፣ ጣቱን በመላጊያ ስንት ጊዜ የላጠ ሰው፣ መርፌ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። «ነገ» እላታለሁ። ትስቅና ሆዷ ላይ ትወጋለች። ፊቴን አዞራለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ነገ ስላት ኖርኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ልቧ ነው፣ ስኳሩ አይደለም ብለውኛል። እነሱ የሚያጽናኑኝ መስሏቸው ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ቡሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የውጭ በሩ ላይ ተቀምጣ መጮህ ጀመረች። የድመት ጩኸት እንዳይመስላችሁ። ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው የሚጣራ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የሰማችው የአጥር ጎረቤቴ እትዬ ሰዓዳ ናት። እትዬ ሰዓዳ የሄርማታ ገበያ ሰፈር ልጅ ናት፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ አሁን ሱቁን ለልጆቿ ለቃለች። ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ሱብሃነላህ» አለች። «ታደለ፣ ሰዓቱን አይተሃል? አሥራ አንድ እኮ ነው። አስኩን ነው የምትጠብቃት። አላህ ይርሀማት፤ ሰው የረሳውን፣ ድመቷ አልረሳችም።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስም አለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ አስካለን የሚጠብቅ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁማ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ከቡሬ አጠገብ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። እሷ ትጮኻለች፤ እኔ እሰማለሁ። ሁለታችንም የአጋሮን ሚኒባስ እንጠብቃለን።

በማግስቱ እትዬ ሰዓዳ በሳህን ማርቃ ይዛ መጣች። ማርቃ ታውቃላችሁ፣ የገብስ ገንፎ ነው፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ተኝቶ። ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ላንተ አይደለም፣ ለሷ ነው» አለችኝ። «ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጄን ልምጣ?»

ይኸው በዚህ ሁኔታ ለድመቴ እዝን ገባ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አንዷ ዳቦ በወተት ፈትፍታ ታመጣለች፤ ሌላዋ ከሰደቃ የተረፈ ሩዝ በፌስታል ትልካለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየተራው ነው። ቡሬ ከእኔ የበለጠ ለቀስተኛ አላት። ሁሉንም ትበላለች፣ ሳህኑን ትልሳለች፣ ሌላ ትጠይቃለች። ግን ትከሳለች። ጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። «ሐዘን ነው የሚበላት» ይላሉ ሴቶቹ፤ ሌላ ሳህን ይመጣል።

እኔን ያሰጋኝ ውሃው ነው። ከቧንቧው ሥር ያለውን ባልዲ ይዛ አትለቅም። ያንን ጥም አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የአስካለን የስኳር መለኪያ ከመሳቢያው አወጣሁና ባትሪ ገዛሁለት። የቡሬን የጆሮ ጫፍ ጠቅ አድርጌ ጠብታዋን አስነካሁት። የወጣውን ቁጥር አይቼ ቡሬን በካርቶን ይዤ ወደ እንስሳት ሕክምና ሮጥኩ።

ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ስሟን ጠየቀኝ። ቡሬ። ዕድሜ? አሥራ ሁለት። ምን ሆነች? ውሃ ታበዛለች፣ ከስታለች። ቀና ሳይል ጻፈና ውጭ ጠብቁ አለን። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ወጣት ሐኪም ገመድ ይዛ ወጣች። «ላሟ የታለች ጋሼ?» አለችኝ። ካርቶኑን ከፈትኩላት።

ዶክተር ሊዲያ ትባላለች፤ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ለሥራ ነው ጅማ የመጣችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስኳር ያለባት ድመት እስከ ዛሬ ያየሁት መጽሐፍ ላይ ነው» አለችኝ። ወደድኳት። ከዚያ መርፌውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። እንደምፈራ ልነግራት አስቤ ነበር። ግን ማን አለ ሌላ? የማጅራቷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ፣ ኢንሱሊኑን በስሪንጁ ሁለት መስመር ያህል ወጋሁ። ቡሬ ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። ይኼው ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ፊቴን ያዞርኩት ለዚህ ነው? መኪና ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ ምን እንዳስለቀሰኝ ሹፌሩ ቢጠይቀኝ አቧራ ነው አልኩት። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

እንዳትንቀሳቀስብኝ ብዬ ከዋንዛ ሳጥን ሠራሁላት፤ አንገት ማውጫ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ ስፖንጅ የተነጠፈበት። በሠላሳ ዓመት ከሠራሁት ዕቃ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልገባችበትም። አሁን ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።

ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ዶክተር ሊዲያ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ማርቃውን፣ ዳቦ በወተቱን፣ ሩዙን ስዘረዝርላት ጻፈች፣ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ማነው የሚያበላት?» አለች። ሰፈሩ አልኳት። ይቁም አለች።

እስቲ ፍረዱኝ፤ እዝን አታምጡ ተብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል? እትዬ ሰዓዳ ቤት ሄጄ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ ስታርች፣ ያወቅሁትን ሁሉ አስረዳኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች ሰማችኝ።

«ቶሌ» አለች በመጨረሻ። «እሺ፣ ሐዘንተኛ ተርባ ታልቅስ ካልክ ምን እላለሁ። ግን ማሎ፣ እባክህ ታደለ፣ ለአስኩ ስትል እንኳ ሥጋ አትከልክላት።»

እዝኑ ቆመ። ቡሬ ግን ያው ናት። መርፌው ሲጨመር ትንሽ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ጩኸቱም ባሰ። አንድ ቀን ዶክተር ሊዲያ አንገቷን ስትዳብስ ቆየች። ደም ወስዳ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ሌላም ችግር አለባት። እንቅርት ነው።»

እንቅርት? ድመት? ጨው አንሷት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችኝ። አንገቷ ውስጥ ያለው ዕጢ ያለ ልክ ይሠራል። ስኳሩን አልወርድ ያሰኘው እሱ ነው። የሚያስርባት፣ የሚያከሳት፣ እንቅልፍ የሚነሳት እሱ ነው።

«ጩኸቱም ከሱ ነው ጋሼ» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ድመት እረፍት ያጣል፣ ይጮኻል። የማዝላትን ኪኒን ስትጀምር ይተዋታል።»

ጩኸቱስ ሌላ ነው አልኳት። እሱ ናፍቆት ነው። ባለቤቴን ነው የምትጠብቀው።

ቀስ ብላ «ባለቤትዎ ካረፉ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለችኝ። ሦስት ዓመት። «መጮህ የጀመረችውስ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ባለፈው ክረምት ነዋ። መጀመሪያው ዓመት ላይ አልጮኸችም። ሁለተኛውም ላይ አልጮኸችም። አስካለ በሞተች ሳምንት አልጋው ላይ ተጠቅልላ ስትተኛ ነው የማስታውሳት። ደግሞስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነበር እንዴ የምትጮኸው? ጠዋትም ትጮኻለች፣ ቀትር ላይም ትጮኻለች። እኛ ጆሮ የምንሰጣት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው እንጂ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ኪኒኑን አመጣሁና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ስምንት ቀን። መርፌዋን ሳላጓድል እወጋታለሁ፣ ኪኒኑን ግን አልሰጣትም። ዕጢ ነው ተብያለሁ፤ ገብቶኛል። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትጮኽ አጠገቧ ስቀመጥ ያው አስካለን የምትጠራ ይመስለኛል። እሷም ዝም ካለች በር ላይ የምቀረው እኔ ብቻዬን ነኝ። ይኼን ለማን ትነግሩታላችሁ?

በዘጠነኛው ቀን ቀጠሮ ነበረን። ዶክተር ሊዲያ መዘነቻት። የበለጠ ቀንሳለች። ልቧን በማዳመጫው ሰማችና ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ኪኒኑን እየሰጧት ነው አይደል?»

አዎ አልኩ። ልጄ በምትሆን ልጅ ፊት ዋሸሁ። «እንግዲያው አልሠራላትም ማለት ነው» አለች። «ልቧ እየደከመ ነው። በዚህ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም።»

ቤት ገብቼ ስኳሯን ለካሁ። ያ መለኪያ የድሮውን ቁጥር ያስቀምጣል። ወደ ኋላ እየተጫንኩ ሄድኩ፤ የቡሬ፣ የቡሬ፣ የቡሬ። ከዚያ በኋላ የአስካለ መጣ። የመጨረሻዋ ጠዋት። «ና እስቲ ዛሬ አንተ» ያለችኝ ጠዋት ነው፤ አስታውሰዋለሁ። ነገ ነበር ያልኳት። አሁንም ልብ፣ አሁንም ነገ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ኪኒኑን ሩብ አድርጌ ቆረጥኩና ጉበት ውስጥ ሸጉጬ ሰጠኋት። ጉበቱን በልታ ኪኒኗን ተፋችው። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ዋጠች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቡሬ ሌላ ድመት ሆነች። ስኳሩ ወረደ፣ የመርፌው መጠንም ተቀነሰልን። ጎኗ ሞላ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስካለ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። በሩን ዘወር ብላ አታየውም። ሰፈሩ አዘነባት። «ሐዘኗን ቶሎ ጨረሰች» አሉ። አንዷማ፣ ድሮም ድመት ሆዷን ነው የምትወድ ብላ ሩዟ እንደቆጫት ሰማሁ።

እኔ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ወደ በሩ ይወስደኛል። ብተወው አልተወኝም። እንቅልፍ የለኝም፣ ሱሪዬ እየሰፋኝ ነው፣ ቀበቶዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ በምስማር በስቻለሁ። አሰብኩ፤ የሷ ከዕጢ ከሆነ የእኔስ? ሆስፒታል ሄጄ አንገቴን መርምሩልኝ አልኩ። ዶክተሩ ዳበሰኝ፣ ደም ወሰደ፣ ስኳሬንም ጨምሮ አየልኝ። ውጤቱን ሊነግረኝ ሲጠራኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ እንቅርት ይሁንልኝ ብዬ እየለመንኩ ነበር። እንቅርትማ ኪኒን አለው።

«አባት፣ ሁሉ ነገርዎ ጤነኛ ነው» አለኝ። ምንም አላዘዘልኝም።

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ። የአጋሮ ሚኒባስ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ። እትዬ ሰዓዳ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ቆይታ በሳህን የተከደነ ነገር ይዛ መጣች። ማርቃ ነው፤ ቅቤው ሽቅብ ይሸታል።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ነግሬዎት የለም?» አልኳት። «ለቡሬ ክልክል ነው።»

ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቡሬማ ድናለች» አለችኝ።