ሦስተኛው ብርሌ

ትናንት በሕልሜ ሐዋሳን ተገልብጣ አየኋት። ሐይቁ ሰማይ ላይ አልወጣም፤ ሰውም በእጁ አልሄደም። መንገዱ፣ ዛፉ፣ ባጃጁ ሁሉ በየቦታው ነበር። የተገለበጠው የሚበላውና የሚጠብቀው ነው።

አጀማመሩ እንደማንኛውም እሑዳችን ነበር። እኔና ላንቃሞ እሑድ እሑድ ከተማውን እየዞርን መብላት ከጀመርን ብዙ ዓመታችን ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከሞያሌ እስከ ሞጆ የቱ ቤት ምን እንደሚጥም ያውቃል። ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ እንበላለን፣ ከዚያ ጥሬ ሥጋ፣ ማሳረጊያው ጠጅ ነው። ሚስቶቻችን «ፈረቃችሁ ደረሰ» ይሉናል።

በሕልሜም ተያይዘን አሞራ ገደል ወረድን። ስንደርስ አባ ኮዳዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አባ ኮዳ ማለት አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ መላጣ፣ ትልቅ ወፍ ነው። በደህናው ቀን ዓሳ የሚበላውን ሰው ከቦ ቆሞ ትርፍራፊ ይጠብቃል። አሁን ግን ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው በየጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዓሳው ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርብላቸዋል። ከኋላቸው የቆመው ሰው ነው፤ ሁሉም በአንድ እግሩ። አንድ የማውቀው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን እንዳሰረ አንገቱን ሰብሮ የዓሳ ጭንቅላት ይጠብቃል። ሰላም ስለው በዓይኑ ብቻ መለሰልኝ። ከተናገረ ተራው ያልፍበታል።

እኛም አንድ አንድ እግራችንን አንስተን ቆምን። ማንም አልሳቀም። እኔም አላፈርኩም። አንድ ያረጀ አባ ኮዳ አጥንት እየጋጠ ዞር ብሎ አየኝ።

«ፀጉር አስተካካይ ነህ አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኛን ምን ታደርገናለህ?» መላጣውን በክንፉ ዳሰሰ።

«ጺም ካለዎት እላጫለሁ።»

«እሱም የለኝም። ግድ የለም፣ ብላ።»

የዓሳ ጭንቅላት ወረወረልኝ፤ በአፌ ቀለብኩት። ላንቃሞ ደግሞ የወፉን አንገት ትኩር ብሎ ያያል።

«ምን ታያለህ?» አለው አባ ኮዳው።

«ጉሮሮዎን ነው፣ ጋሼ። ሰፊ ነው። ታድለዋል።»

ወፉ ደስ ብሎት ደህና ሥጋ ያለበት ቁራጭ ጣለለት። ላንቃሞ በእጁ ተቀበለውና፣ ዓይኔ እያየ፣ ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ አጎረሰው።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ በልቻለሁ» አለኝ። ሲበላ ግን አላየሁትም።

ከዚያ መንገድ ሳንጀምር ሥጋ ቤት ደረስን። መስኮቱ ላይ ሥጋ የሚባል የለም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀይ በሬ ሣር በነዶ በነዶ ሰቅሎ ቢላ ይስላል። ሰዉ ፊቱ ተሰልፏል።

«ከየትኛው ይሁን?» አለን ተራችን ሲደርስ። «ከለምለሙ ነው ከደረቁ?»

«ከለምለሙ አድርግልን፤ ትንሽ ከደረቁም ጣል አድርግበት» አለ ላንቃሞ፣ ሥጋ ቤት እንደለመደው።

በሬው ቆርጦ፣ መዝኖ፣ ከአዋዜ ጋር አቀረበልን። ሣሩ ክፉ አልነበረም። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ይውጣል፣ የዋጠውን ይመልሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰኳል። ወሬ የለም፤ የሚሰማው የመንጋጋ ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ዋጥኩ፣ መለስኩ፣ አመሰኳሁ። ደስ የሚል ሰላም ተሰማኝ። ላንቃሞ ግን ያኝካል እንጂ አይውጥም። አንዱን ጉንጩን ሞልቶ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። በሬው ቢላውን አስቀምጦ መጣና አጠገቡ ቆመ።

«አባቴ፣ አልጣፈጠዎትም?»

«ጣፍጦኛል።»

«ታዲያ ይዋጡታ።»

«እሺ። ቀስ ብዬ።»

በሬው ለረጅም ጊዜ አየው። የበሬ ዓይን ትልቅ ነው፤ ለሚያየው ነገር ሁሉ የሚያዝን ይመስላል።

«ስንቱን ሰው አብልቻለሁ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «ሳይውጥ የሚበላ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ጓደኛዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«አብራችሁ ነው የምትበሉት?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው እንዴት አላዩትም?»

ወዲያው ግድግዳው ተነስቶ ሄደ፤ በሬውም አብሮት ሄደ። እኛ የእማማ ሽታዬ ጠጅ ቤት በር ላይ ቀረን።

ገና ሳልገባ እግሬ ተወላገደ። ላንቃሞ ግድግዳ ተደግፎ ይዘፍናል። እዚያ ቤት ሰው ሁሉ ሰክሮ ነው የሚገባው። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ከምሰሶ ጋር ይጣላል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ብርሌውን ሲጨብጥ ግን መርጋት ይጀምራል። እማማ ሽታዬ እየዞሩ ይቀዳሉ።

«ቶሎ ጠጣ ልጄ» ይላሉ። «እንዲህ ሆነህ ቤትህ አትገባም።»

በመጀመሪያው ብርሌ እግሬ ጸና። በሁለተኛው ጭንቅላቴ ጠራ፤ ረስቼው የኖርኩት የአባቴ ድምፅ፣ ከብት ሲጠራ እንዴት እንደነበር ትዝ አለኝ። ሦስተኛውን የጨረሱት ሰዎች ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ሦስተኛው ብርሌ ውሸት አያሳልፍም። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ወደ ጓደኛው ጠጋ አለ።

«በግህን የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ቆዳውን ለእኔው አይደል የሸጥክልኝ።»

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አስቀዱ።

ላንቃሞ ሦስተኛውን ተቀብሎ አልጠጣም። በሁለት እጁ ይዞ ቀለሙን ያያል።

«ጠጣ እንጂ» አልኩት።

«ይቅርብኝ።»

«ሰክረህ ነው ዘሪቱ ጋ የምትገባው?» ዘሪቱ ባለቤቱ ናት።

«ስካሩ ይሻላታል» አለኝ።

እማማ ሽታዬ ሰምተው መጡ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ትከሻውን ያዙት። «ላንቃሞ፣ እዚህ ቤት ሁለት ብቻ ጠጥቶ የወጣ የለም» አሉት። የሚቆጡ አይመስሉም፤ ያዘኑ ይመስላሉ። ላንቃሞ አንገቱን ቀና አደረገና እንደ መድኃኒት ጥቂት በጥቂት ጠጣው። ጠጁ በቆዳው ውስጥ ሲወርድ ይታየኛል። ጉሮሮው መሀል ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እየተንጠባጠበ አለፈ። ብርሌውን ሲያስቀምጥ ዓይኑ ጠርቷል፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ምትኩ» አለኝ፤ «እህል አልወርድ ብሎኛል። መጀመሪያ ሥጋው ነበር። ቀጥሎ እንጀራው። አሁን ሾርባውም ይቆምብኝ ጀመር።»

«ለዘሪቱ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«ለሐኪምስ?»

«ሐኪም የሕመሙን ስም ይነግረኛል። ስሙን ካወቅሁት ተከትሎኝ ቤቴ ይገባል።»

«እኔንስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተን ከነገርኩህ እሑድ ይቀራል» አለኝ።

ጠጅ ቤቱ በሙሉ ሰማ። አንድም ሰው ግን «አይዞህ» አላለውም። ሦስተኛውን የጠጣ ሰው የማያውቀውን አይናገርም። እኔ ገና ሁለተኛዬ ላይ ነበርኩና «ምንም አይደል፣ ጉንፋን ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ። አፌ ሣር ሞልቶታል። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። እጄን ወደ ላንቃሞ ዘረጋሁ፤ እሱም ዘረጋልኝ፤ አልተገናኘንም። ከሣሩ ጋር እየታገልኩ ነቃሁ።

ነግቷል። ባለቤቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጋዋን የለበሰ በሬ ደግሞ ከየት መጣ ብዬ። ከዚያ ሳቁ ሄደብኝ። ሐሙስ ዕለት ላንቃሞን ጺሙን ልላጨው ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳስር ጨርቁ ዞሮ ተርፎ ነበር። «ጨርቅህ ሰፋ» አለኝ። «ታጥቦ ነው» አልኩት። ደግሞ እኮ ጨርቅ ሲታጠብ ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ። የላንቃሞ ቤት ከእኛ ብዙ አይርቅም። አጥሩን አልፌ ስገባ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ። ጭኑ ላይ ጨጨብሳ የሞላ ሳህን አለ። ቅቤው ገና ይጨሳል። ዘሪቱ ከውስጥ እያንጎራጎረች ዕቃ ታጥባለች።

«ጣፈጠህ?» አለችው ከውስጥ።

«በጣም» አለ ላንቃሞ፤ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ወደ እግሩ ሥር በተነ። ዶሮዎቹ ተሻምተው ለቀሙት። ዝም ብለው ነው የሚበሉት፤ ለምደውታል። እንደገና ዘገነ። አፉን እያንቀሳቀሰ ያኝካል፤ አፉ ውስጥ ግን ምንም የለም።

ቀና ሲል አየኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«ላንቃሞ» አልኩት፤ «መዋጥ አቅቶሃል እንዴ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ፊቱን አየሁ። ከንፈሩ ላይ ቅቤ ተቀብቷል፤ ለምስክርነት መሆኑ ነው።

«ማን ነገረህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

የዕቃው ድምፅ ከቆመ ቆይቶ ኖሯል። ቀና ስል ዘሪቱ የሚጨመረውን ጨጨብሳ በሌላ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኛን አታይም። የምታየው ዶሮዎቹን ነው።