ስኳሩ የድመቱ ነው!

«እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ብሎ የተረተው ሰው በእኛ ሰፈር አንድም ቀን አልመሸበትም። ቢመሽበት ኖሮ እውነቱን ተናግሮ ደጅ ያድር ነበር… ከነብርዱ! እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሁዳዴ ሙሉ እውነት ብቻ ተናገርኩ፤ የሚያምነኝ ሰው ግን ከወሎ ሰፈር እስከ ቦሌ ሚካኤል ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው በውርስ ነው። ሰው ከአማቱ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፣ ሌላው ቢቀር ካፖርት ይወርሳል። እኔና ባለቤቴ ሰናይት የወረስነው ድመት ነው። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ማዕረግ ሳይመጣ ሲቀር ለድመታቸው ሰጡትና ሻምበል ብለው ጠሩት። ሻምበልም ማዕረጉን አላሳፈረም። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያዛል፣ እኛ እንታዘዛለን።

አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ጠዋትና ማታ መርፌያቸውን የምትወጋቸው ሰናይት ነበረች። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሻምበል ውሃ በላይ በላዩ መጠጣት፣ እየበላ መክሳት ሲጀምር ቀድሞ የገባት እሷ ናት።

«ልክ እንደ አባቴ ነው የሚጠጣው» አለችኝ።

«ደግሞ ድመት ስኳር ይይዘዋል?» ብዬ ሳቅሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ግን አልሳቀም። መረመረውና ስኳር ነው አለ። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ይወጋል፣ ምግቡ ሥጋ ይሆናል። «ሳይበላ እንዳትወጉት» አለ፤ «ከተወጋ በኋላ ከተንገዳገደ ደግሞ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ቶሎ ብላችሁ በስኳር ውሃ ድዱን እሹት፤ አለዚያ ይሞታል።» ስኳር ስለያዘው ስኳር አይቀምስም፣ ሲብስበት ግን መድኃኒቱ ስኳር ነው… እኔ ምን ቸገረኝ፣ አልተከራከርኩም።

ሁዳዴ እንደገባ ደሴ የምትኖረው የሰናይት እህት ልትወልድ ሆነ። ሰናይት ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመችና ድመቱን አቅፋ ሳመችው። እኔን አይደለም፣ ድመቱን! ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አባቴን ማትረፍ አልቻልኩም። እሱን አደራ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እንግዲህ እንዲህ ተብላችሁ «ድመት እኮ ነው» ማለት ትችላላችሁ? አትችሉም። አደራ በላ ከመባል ድመት መውጋት ይሻላል። ለነገሩ መውጋቱን ቶሎ ለመድሁት። የአንገቱን ቆዳ ሳብ አድርጎ ጠቅ ነው። ሻምበል እንኳን ሊጮህ ዞር ብሎም አያየኝም። ያስቸገረኝ ጎረቤት ነው።

ሰናይት በሄደች በማግስቱ ፍሪጃችን ቆመ። ሠሪው «ለፋሲካ ይደርሳል» ብሎ ጭኖት ሄደ። ኢንሱሊን ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ብልቃጡን ይዤ አጥር ለአጥር ወደምንጎራበታቸው እትዬ አሰለፈች ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቺን መድኃኒት ፍሪጅዎ ውስጥ ያስቀምጡልኝ? ጠዋትና ማታ እየመጣሁ እወስዳለሁ።»

እትዬ አሰለፈች ብልቃጡን አገላብጠው አዩት። ወንድማቸው በዚሁ በሽታ ይታከም ስለነበር ወዲያው አወቁት።

«ውይ ልጄን! ስኳር ያዘህ?»

«ኧረ የኔ አይደለም፤ የድመቱ ነው።»

ብልቃጡን ፍሪጃቸው ውስጥ አስቀመጡት። ቀጥለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወንድሜም መጀመሪያ ‹የበሬዬ ነው› ይል ነበር» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አይዞህ።»

ማታውኑ ጠያቂ ጎረፈ። የታመመ መጠየቅ ደግ ባህላችን ነው፤ ጤነኛ መሆንም አያስጥልም። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠየቃለሁ፣ በሽተኛው ሶፋ ላይ ያንኮራፋል። «መቼም ድመቱ እንኳ ደልቶታል» ይላሉ ጠያቂዎቹ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ከንፈር ይመጥጡልኛል። እትዬ አሰለፈች ደግሞ ጓዳ ገብተው ስኳሩንም፣ ማሩንም፣ ማርማላታውንም ጠራርገው ወሰዱ።

«ዓይንህም አይየው! ሚስትህ ስትመጣ እመልሳለሁ» አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ።

ቀጣዩ ጣጣ የሻምበል ቀለብ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል፤ የኛው ጭራሽ አልመነኮሰም። ሽሮ ሳቀርብለት አሽትቶ እንደ ስድብ ቆጠረውና ፊቱን አዞረ። ካልበላ አይወጋም፣ ካልተወጋ ይሞታል። የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ደግሞ ለሁዳዴ ተዘግተዋል። ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቤት ሥጋ አይጠፋምና ቁርጥራጭ እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው።

«ለማን ነው?» አሉ።

«ለድመት።»

ጋሽ ሰይድ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አብሽር ወንድሜ። ማንም ቢጠይቀኝ ለድመት ነው፤ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣኝም።»

ምስጢር መጠበቃቸው አልጠቀመኝም። ፌስታሉ ደም አንጠባጠበና እትዬ አሰለፈች በር ላይ ያዙኝ። ክርስቲያን ሰው፣ በሁዳዴ፣ ያውም ከሙስሊም ቤት የመጣ ሥጋ! አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄደው የንስሐ አባቴን ይዘዋቸው መጡ።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀድለታል» ብለው ጀመሩ አባ፣ በለሆሳስ።

«አባ፣ እኔ እየጾምኩ ነው። ሥጋውን የሚበላው ድመቱ ነው።»

«መርፌውንስ?»

«መርፌውንም የሚወጋው ድመቱ ነው።»

«ድመት ትወጋለህ?»

«ጠዋትና ማታ።»

አባ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬ ላይ አሳረፉ፤ ቆየት አድርገው። ሲወጡ ለእትዬ አሰለፈች «ወደ ጭንቅላቱም ወጥቷል» ሲሏቸው ሰማሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ሻምበልን በሕይወት እስከ ሆሳዕና ዋዜማ አደረስኩት። በዚያን ዕለት ጠዋት በላ፣ ወጋሁት… ትንሽ ቆይቶ የበላውን ሁሉ አስመለሰው። ረፋዱ ላይ ከሶፋው ሊወርድ ሲል እግሮቹ ከዱትና በጎኑ ወደቀ። ዓይኑ ፈጠጠ። ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው!

ጓዳ ሮጥኩ። ጨው አለ፣ በርበሬ አለ፣ ስኳር የለም። ስኳሬ እትዬ አሰለፈች ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ተቆልፏል። ድመቱን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ በረርኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ስኳር! ቶሎ!»

ጋሽ ሰይድ ከሚዛናቸው ቀና አሉ። «አይሆንም።»

«በእናትዎ!»

«ወላሂ አልሸጥልህም! በገዛ እጄ ገድዬህ ሚስትህን ምን እላታለሁ?»

«ለኔ አይደለም! ለድመቱ ነው፣ እየሞተብኝ ነው!»

«ሥጋውም ለድመቱ ነበር» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ ከገበያ ሲመለሱ ሱቁ ደጃፍ ቆመዋል። «እንዳይሰጡት ጋሽ ሰይድ! አምሮት ነው፣ ወንድሜንም እንዲሁ ያደርገው ነበር።»

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ወያላ ታክሲውን ትቶ መጥቶ «ፋዘር፣ ቻል አድርገው» አለኝ። ሻምበል ክንዴ ላይ ዝልፍልፍ ብሏል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ግን ጥቂት ነው። ሰናይት ትዝ አለችኝ፣ በር ላይ ያለችው ትዝ አለኝ። ከእውነት ጋር የነበረኝ ጉዳይ እዚያ ላይ አበቃ።

ተንገዳገድኩ። ድመቱን እንዳቀፍኩ ጉልበቴን አጥፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ስኳሬ… ወረደ» አልኩ።

«ወረደበት!» ብለው ጮኹ እትዬ አሰለፈች። «ስኳር! ኧረ ስኳር አምጡ፣ ምን ታያላችሁ!»

እናንተዬ! ጋሽ ሰይድ በመደርደሪያው ላይ ዘለው ወጡ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ወጥተዋል። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ገለበጡ። ወያላው ለስላሳ ከፈተ። አንዷ ከረሜላ ከነወረቀቱ አፌ ውስጥ ከተተች። እኔም ጣቴን የስኳር ውሃው ውስጥ እየነከርኩ የሻምበልን ድድ ማሸት ጀመርኩ።

አሸሁ። ምንም የለም። ደግሜ አሸሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ምላሱ ወጣ ብላ ጣቴን ላሰች። አንድ ዓይኑን ገለጠና፣ ሰላምታ የረሳ ወታደር እንዳገኘ ሁሉ፣ ቆጣ ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለድመት፣ በአደባባይ፣ ከረሜላ አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«አያችሁልኝ?» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ራሱ እያጣጣረ መጀመሪያ ለእንስሳው!»

«ሱብሃነላህ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ እንዲህ ያለ ሩኅሩኅ አላየሁም።»

ሁዳዴን ሙሉ እውነት ተናግሬ በሽተኛም እብድም ተባልኩ። አንዴ ብዋሽ ጻድቅ ሆንኩ።

ሰናይት ቅዳሜ ሹር ተመለሰች። ቤት ሳትደርስ ወያላው ታክሲ ውስጥ ሁሉንም ነግሯት ኖሮ እየሮጠች ገባች። ሻምበልን አንስታ ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ቀጥላ እኔንም አቀፈችኝ። «አባቴ ቢያይህ ይኮራብህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ወሰደችኝ፣ ነገሩ እንዲጠራ።

«እትዬ፣ ባለቤቴ ጤነኛ ነው። ስኳሩ እውነትም የድመቱ ነው።»

እትዬ አሰለፈች ግንባሯን ሳሟት። «የባሏን ገመና የምትሸፍን ሚስት ትባረክ» አሉ። «ነገ ለፋሲካ እኔ ቤት ናችሁ።»

ሻምበልንም ይዘን ሄድን። ሁዳዴን ሙሉ እህል ውሃ እንጂ ሥጋ በአፌ ሳይዞር ቆይቼ ገበታው ላይ ተቀመጥኩ። ዶሮው ወጣ፣ ጠጁ ተቀዳ፣ ለሁሉም ተዳረሰ። ለእኔ ብቻዬን ሌላ ሳህን መጣልኝ፤ ለብቻው የተቀቀለ ጎመን፣ ጨው የሌለው። ለአባወራ የሚሰጠው ፈረሰኛ እንኳ እኔን አልፎ ሄደ። የት እንደሚሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። እትዬ አሰለፈች ጎንበስ ብለው ከገበታው ሥር ሻምበል ፊት አስቀመጡለት። ጀርባውንም ዳበስ አደረጉት።

«ብላ የኔ ምስኪን» አሉት። «ጌታህ ታሞብህ አንተም ከሳህ።»